ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ



ስለ ዕቅድ በተወያየን ቁጥር የምናነሣው የራሳችንን የወጣቶቹን ዕቅድ ነው። ፈተና እናልፋለን፣ እንመረቃለን፣ ሥራ እንይዛለን፣ ጎጆ እንወጣለን እንላለን። ይህን ስናወጣና ስናወርድ እራታችንን አቅርባ ወደ ጓዳ የምትመለሰውን እናታችንን «አንቺስ ምን አስበሻል?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንቱ ነው? እናት የራሷ ዕቅድ ያላት አይመስለንም። ዕቅዷ እኛው ነን ብለን ደምድመናል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን በራሳችን ቤት ከሆነው ተነሥተን ለማሳየት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ሦስቱን ልጆቿን ነው፤ አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች።

፩. የልደቷ ቀን እንዴት ተገኘ

እናታችን ጎጃም ገጠር ተወልዳ በ12 ዓመቷ ወደ አዲስ አበባ የመጣች ናት። የልደት ቀኗን አታውቅም ነበር። ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው» ትል ነበር እንጂ ቀን አትጠራም። በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት ግን ቡና ተፈልቶ ስንጫወት «እኔ እኮ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና የተነሣሁት ልክ እንደ ዛሬው በጥምቀት ነው፤ እናቴ ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር» አለች። ከእኛ አንዱ እርሳስ አነሣ። ከጥር 11 ወደ ኋላ 80 ቀን ቢቆጠር ጥቅምት 21 ቀን ይሆናል። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የነበረው ጥቅምት የ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። እንግዲህ እናታችን ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሃምሳ ዓመት ይሞላታል ማለት ነው።

እኛ ሳቅን፤ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ሻማ እናበራለን አልን። እሷ ግን አልሳቀችም። ስኒውን አስቀምጣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ሃምሳ ዓመት! ምን ሠራሁበት?» አለች። ከዚያ ቀን እስከ ልደቷ የቀረውን ስንቆጥር 286 ቀን ሆነ።

፪. አምስቱ ነገሮች

በማግሥቱ «ከሃምሳ በፊት ምን ቢሆንልሽ ትወጃለሽ?» ብለን ጠየቅናት። በመጀመሪያ «እናንተ ስትመረቁ ማየት» አለች። ይህ የእኛ ነው፤ የራስሽን ንገሪን አልናት። ብዙ ካሰበች በኋላ አምስት ነገር ቆጠረች፤ እኛም ጻፍነው።

አንደኛ፥ ስሟን ጽፋ መፈረም።
ሁለተኛ፥ ስልኳ ሲጮኽ የደዋዩን ስም ራሷ ማንበብ።
ሦስተኛ፥ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር፤ ከመጨረሻ ልጇ ወሊድ ወዲህ ለራሷ ብላ ሐኪም ፊት ቀርባ አታውቅም።
አራተኛ፥ እንጀራ ጋግራ ስለምትሸጥ ከእንጨት ጭስ የሚያወጣት የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት።
አምስተኛ፥ ለ11 ዓመት በዓይን ያላየቻትን ታላቅ እኅቷን ጎጃም ሄዳ መጠየቅ።

የመጀመሪያው ከየት እንደ መጣ እኛ እናውቃለን። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አብረናት ሄደን ነበር። ሠራተኛው ወረቀቱን አቀረበና ፈርሚ አላት። «አልችልም» ስትለው ቀለሙን አምጥቶ አውራ ጣቷን ይዞ ነከረው፣ ወረቀቱ ላይ ተጫነው፣ «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። እሷ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። እኛስ ምን አደረግን? ሰው እንዳያየን ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ግን መጻፍ አለበት።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ መንደራቸው በደረሰ ጊዜ አያታችን ተምረው ስማቸውን ለመጻፍ በቅተው ነበር። እናታችን ግን ያን ጊዜ ሕፃን ታዝል፣ ፍየል ትጠብቅ ነበርና ከዳሱ ውጭ ቆማ ከመስማት በቀር ሰሌዳውን አላየችም። እናቷ የተማሩትን ሳትማር ቀረች፤ ከዚያም በሰው ቤት ሥራ፣ ከዚያም በትዳር፣ ከዚያም በእኛ ዕድሜዋ አለፈ።

፫. ሥራው እንዴት ተጀመረ፣ የትስ ተሰናከለ

የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ድምፅ ሲነበብ 231 ይሆናል። 231 ቢሏት እናታችን ደንግጣ ትተወው ነበር። ስለዚህ በሁለት ቀን አንድ ፊደል ከነሰባት ድምፁ እንድትይዝ አሰብን፤ በዚህ ሂሳብ 66 ቀን ይበቃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የትምህርት ሰዓት ነው ተባለ።

ሦስት ሳምንት ሞከረች፤ ከ«መ» ማለፍ አቃታት። ዛሬ የያዘችውን ነገ ታጣዋለች። «ተዉኝ፣ ጭንቅላቴ ደንዝዟል፤ ያረጀ አህያ መንገድ አይማርም» ማለት ጀመረች። እኛም በልባችን ሳናምናት አልቀረንም። አንድ ምሽት ግን እኅታችን አንድ ነገር አስተዋለች፤ እማዬ ደብተሩን ክንዷ እስከ ደረሰ ድረስ ከፊቷ ታርቀዋለች። መርፌ ክር የምታስገባላት የጎረቤት ልጅ መሆኗም ያን ጊዜ ትዝ አለን።

የጤና ጣቢያውን ጉዳይ አስቀድመን በየካቲት ወሰድናት። ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የዓይኑ ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ በቅርብ ያለውን ጥቃቅን ነገር አጥርቶ ማየት እንደሚያስቸግረው ነገሩን። በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ነገር ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ያቃናዋል። ጭንቅላቷ አልደነዘዘም ነበር፤ ፊደሉ አይታያትም ነበር እንጂ። በዚያው ቀን የደም ግፊቷ ሲለካ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ። ምንም የሚሰማት ሕመም አልነበረም። የደም ግፊት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሳያሳምም ቆይቶ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። መድኃኒት ታዘዘላት፣ ጨው ቀንሺ ተባለች። በዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ያደረገችው ነገር ሕይወቷን የሚመለከት ሆኖ ተገኘ።

ለመነጽሩ የሚሆን ገንዘብ ከእንጀራው ሽያጭ አስቀመጠች። መጋቢት አለፈ፤ መነጽሩ አልተገዛም። «ነገ እገዛለሁ» ትላለች። ሚያዝያም አለፈ። የምሽቱም ሰዓት ቀስ በቀስ ተበላ፤ ፈተና ደርሶብናልና አንዳችን ሻይ እንጠይቃለን፣ አንዳችን ልብስ አልታጠበልኝም እንላለን፣ አንዳችን እንግዳ ይዘን እንመጣለን። በግንቦት እኅታችን አጥብቃ ብትጠይቃት እውነቱ ወጣ። የመነጽሩን ገንዘብ ለእኛ ለወንዶቹ ለጽሑፍ ማባዣና ለታክሲ ሰጥታናለች። እኛም ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ተቀብለናል። እናታችን ዕቅዷን የተወችው ሰንፋ አልነበረም፤ እኛ ሰዓቷንም ገንዘቧንም ወስደንባት ነበር።

በዚያች ሌሊት ሦስታችን ተነጋገርን። ወንዶቹ ከኪሳችን አዋጥተን መነጽሩን ገዛን። ከሰኔ 10 ቀን ጀምሮ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ዕቃ የሚያጥበውም፣ ለመጣ እንግዳ በር የሚከፍተውም ተረኛው ልጅ ሆነ። በዚያች ሰዓት «እማ!» ብሎ መጣራት ተከለከለ። እማዬ ራሷ በመጀመሪያው ሳምንት እየተነሣች ጓዳ ትገባ ነበር፤ መቀመጥ መማር ፊደል ከመማር የባሰባት ይመስል ነበር። ነሐሴ 16 ቀን ግን 33ቱን ፊደላት ፈጸመች። በዚያው ወር የእቁብ ዕጣ ወጣላትና ምጣዱን ገዛች።

፬. ቀኑ ሲደርስ

የጎጃሙን መንገድ ያሰብነው ለነሐሴ ነበር። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገዱ የማይታሰብ ሆነ። እናታችን አለቀሰች። «ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ ይህ በሆነልኝ» አለች።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደረሰ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጎረቤት ተጠራ። ዝርዝሩን አውጥተን አነበብን፤ ይልቁንም እሷ ራሷ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ከአምስቱ አራቱ ተፈጽመዋል። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ተነሥታ ከሣጥኗ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ለእኅቷ የጻፈችው ደብዳቤ ነበር፤ በገዛ እጇ፣ ስምንት መስመር። አንዳንዱ ፊደል እግሩ ረዝሟል፣ አንዳንዱ ቃል ተገጣጥሟል። ከግርጌው ግን ስሟ ጥርት ብሎ ተጽፏል። እኛ መጻፏን እንኳ አላወቅንም ነበር።

ደብዳቤው ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ቆይቶ ተላከ። ከወራት በኋላ አክስታችን በስልክ ተገኘች፤ ልጇ አንብቦላት ኖሮ «ማን ጻፈልሽ?» ብላ ጠየቀች። እናታችን ወደ እኛ ዞር ብላ አየችንና «እኔው ነኝ» አለቻት።

፭. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ዕድሜ ሰበብ እንዳይሆንብን። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ካገኘች በኋላ ልጅ ወልዳ፣ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በዚያው ርቀት ዳግመኛ ወርቅ አገኘች። ጥቅምት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በኬንያም ፕሪሲላ ሲቲየነይ የተባሉ አዋላጅ አያት በ90 ዓመት ዕድሜ ገደማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ከልጅ ልጅ ልጆቻቸው ጋር ተምረዋል። የእኛ እናት ሩጫ ከነዚህ ጋር ባይወዳደርም መንገዱ አንድ ነው።

ሁለተኛ፥ «አልችልም» ሲባል ምክንያቱን እንመርምር። እናታችን አእምሮዋን ስትወቅስ የነበረው መነጽር በማጣቷ ነው። በየቤታችን እንዲህ በከንቱ ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች አሉ።

ሦስተኛ፥ ትልቁን ነገር በቀን እንከፋፍለው። 231 ያስፈራል፤ በሁለት ቀን አንድ ፊደል ግን አያስፈራም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው በከንቱ አይደለም።

አራተኛ፥ የልደት ቀን ያነሣሣናል እንጂ አይፈርድብንም። ያልተፈጸመው አምስተኛው ነገር ሃምሳ ስለ ሞላ አልተሰረዘም፤ መንገድ እስኪከፈት ደብዳቤው ቀድሞ ደረሰ።

አምስተኛውና ዋናው፥ እናት ዕቅዷን የምትፈጽመው ከቤተ ሰቡ አንድ ሰዓት ሲለቀቅላት ነው። ምስጋናና ስጦታ መልካም ነው፤ ሆኖም በዓመት አንድ ቀን ሽቶ ከመግዛት በየምሽቱ ሳሕን ማጠብ ይበልጣል። እኛ ይህን ያወቅነው ሰዓቷን ከወሰድንባት በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

1. እናትህ ወይም እናትሽ ለራሷ የምትመኘውን አንድ ነገር መጥቀስ ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ለምን?
2. በቤታችሁ የእናት ብቻ የሆነ ሰዓት አለ? የሚወስድባትስ ማን ነው?
3. ለሚመጣው ስብሰባ እያንዳንዳችን እናታችንን ወይም ያሳደገችንን ጠይቀን የነገረችንን አንድ ነገር፣ እሷ ከፈቀደች፣ ጽፈን እንምጣ።