ለጥየቃ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው የሚገባ ጠባይ

አንባቢ ሆይ፤ ኑሮውን በባዕድ አገር ያጸና ሰው አገሩን ሊጠይቅ በተመለሰ ጊዜ ልጅም እንግዳም ነው። ልጅነቱን ብቻ ያሰበ እንደ ሆነ ያዝዛል፤ እንግድነቱን ብቻ ያሰበ እንደ ሆነ ይንቃል። ክርስቲያን ግን ሁለቱን አስተባብሮ መያዝን ከነህምያ ይማር።

ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሆኖ በሱሳ ይኖር ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮችዋም በእሳት እንደ ተቃጠሉ በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት፥ የሚመለስበትን ጊዜ ለንጉሡ ወስኖ፥ ፈቃድም ተቀብሎ ወደ አባቶቹ ከተማ ሄደ። በዚያም ያደረገውን ልብ ብለህ ተመልከት።

አንደኛ፤ ከመናገሩ በፊት አየ። 3 ቀን ከተቀመጠ በኋላ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር መረመረ፤ በልቡ ያለውንም ለማንም አልገለጠም። ከእኛ ግን ብዙዎች ገና ጓዛቸውን ሳይፈቱ መንገዱንና ውኃውን፥ ዘመዱንና ጎረቤቱን መንቀፍ ይጀምራሉ። እናት ልጄ መጣልኝ ብላ ተበድራ በግ ታርዳለች፤ ልጅዋም ወጡን ሳይቀምስ በሰው ፊት ስለ ንጽሕናው ቢጠይቃት፥ የብዙ ዓመት ናፍቆትዋን በአንድ ቃል አሳፈረው። ሆድህ ያልለመደው ነገር ቢኖር ለብቻዋ በትሕትና ንገራት፤ እናት ናትና ታውቅልሃለች።

ሁለተኛ፤ ራሱን ከወገኑ አልለየም። ኃጢአትን በተናዘዘ ጊዜ ራሱንና የአባቱን ቤት ጨምሮ ተናዘዘ፤ ለሕዝቡም በተናገረ ጊዜ መከራውን የእኛ አለው እንጂ የእናንተ አላለውም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1994 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ፥ የሌላ አገር ዜጋ ለሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ሕዝቡም ቢጫ ካርድ ይለዋል። በዚህ ካርድ ያለ ቪዛ መግባት ይቻላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። ዜግነት በወረቀት ይለወጣል፤ እኛ የሚለው ቃል ግን በፍቅር ይጠበቃል።

ሦስተኛ፤ በሕዝቡ ላይ ሸክም አልሆነም። ከእርሱ በፊት የነበሩት አለቆች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፥ 40 ሰቅል ብርም ይወስዱ ነበር። እርሱ ግን 12 ዓመት ሲሾም ለሹም የሚገባውን ቀለብ አልጠየቀም፤ የሕዝቡ ቀንበር ከብዶ ነበርና። እንግዲህ አንተም ዘመድህ ስለ አንተ ዕዳ እንዳይገባ ተጠንቀቅ።

ከዚህም የከፋ የተሰወረ ሸክም አለ፤ እርሱም የሐሰት ክብር ነው። አንዱ በባዕድ አገር ሌሊቱን በሥራ ያነጋል፥ የቤት ኪራይም ያስጨንቀዋል፤ ወደ አገሩ ሲመጣ ግን ተበድሮ ያጌጣል፥ ድካሙንም ይሸሽጋል። እወስድሃለሁ እያለም የማይፈጽመውን ተስፋ ይሰጣል። ይህን ያየ ታናሽ ወንድም ትምህርቱን ይተዋል፤ አባቱም በሬውን ይሸጥለታል፤ በበረሃና በባሕር መንገድም ይነሣል። በመንገድ የቀረ እንደ ሆነ፥ በሐሰት ያጓጓው ሰው ለእግዚአብሔር ምን ይመልሳል?

ወዳጄ ሆይ፤ አገርህ በገባህ ጊዜ አስቀድመህ ዝም ብለህ ተመልከት። በዕረፍትህም ሰዓት ወንድምህን ከአጠገብህ አስቀምጠህ የምታገኘውንና የምትከፍለውን፥ የደከምህበትንና ያለቀስህበትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረው። የምትችለውን ብቻ ቃል ግባ፤ ቃል የገባኸውንም ፈጽም። የታመመውን ጠይቅ፤ አንተ ሳትኖር ለሞተውም ለቤተ ሰቡ ልቅሶ ድረስ። ነህምያና ሕዝቡ በአንድ ልብ ሆነው የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ፈጸሙ፤ አንተ የተሰጠህ ቀን ምናልባት ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም በእውነትና በትሕትና የተቀመጥህበት ጥቂት ቀን የፈረሰውን የወንድማማችነት ቅጥር ሊጠግን ይችላል።

እግዚአብሔር በደኅና ያግባህ፤ በደኅናም ይመልስህ። አሜን።