ከ1265 ቁራጮች የትኛው? ኮምፒዩተር በክትባት ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የኮቪድ-19 አምጪ ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ ሲሆን፣ ቫይረሱ በእጃቸው ያልገባ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ በኮምፒዩተር ሥራ ጀመሩ። ከቅደም ተከተል ብቻ ተነሥቶ ለክትባት የሚበጀውን ክፍል መፈለግ እንዴት ይቻላል? በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ ይዘን ለማየት እንሞክራለን።

በቫይረስ የተያዘ ሕዋስ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል። ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ 9 አሚኖ አሲዶች ያሏቸውን ቁራጮች ኤች ኤል ኤ በተባሉ ሞለኪውሎች ላይ አኑሮ ወደ ውጭ ያሳያል። ገዳይ ቲ-ሴሎች ባዕዱን ቁራጭ ሲለዩ የተያዘውን ሕዋስ ያጠፋሉ።

የቫይረሱ የሾህ ፕሮቲን 1273 አሚኖ አሲዶች አሉት። ስለዚህ ባለ 9 ቁራጮቹ 1273 − 9 + 1 = 1265 ይሆናሉ። ሁሉንም በቤተ ሙከራ መፈተን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ኤች ኤል ኤ ግን መራጭ ነው። ኤ2 የተባለው ዓይነት በ2ኛውና በ9ኛው ቦታ እንደ ሉሲን ያሉ ውሃ የማይስማማቸውን አሚኖ አሲዶች ይወዳል፤ ቁራጩን እንደ ችካል አጥብቀው ይይዙታልና። የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች ቀደም ሲል ከተለኩ ቁራጮች በመነሣት እያንዳንዱ ቦታ ለመያያዣው ኢነርጂ የሚያበረክተውን ገምተው ደመሩ፤ የኋለኞቹ ደግሞ ከዚያው ልኬት በራሳቸው ይማራሉ።

ከ269ኛው እስከ 277ኛው ያለውን ቁራጭ እንመልከት፦ ታይሮሲን፣ ሉሲን፣ ግሉታሚን፣ ፕሮሊን፣ አርጂኒን፣ ትሪዮኒን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሉሲን፣ ሉሲን። 2ኛውም 9ኛውም ሉሲን ነው። ከበሽታው ያገገሙ የኤ2 ባለቤቶች ቲ-ሴሎችም ይህን ቁራጭ እንደሚለዩ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል።

ሆኖም መያያዝ ብቻውን ክትባት አይሆንም፤ አንዳንዱ ቁራጭ በሚገባ ቢያያዝም ቲ-ሴሎችን አይቀሰቅስም። በ2020 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋሉት የኤም አር ኤን ኤ ክትባቶችም የተመረጡ ቁራጮችን ሳይሆን የሾህ ፕሮቲኑን በሙሉ የሚያሠሩ ነበሩ። ኮምፒዩተሩ ፍለጋውን ያጠብባል፤ ፍርዱ የቤተ ሙከራ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። እስካሁን በብዛት የተለኩት ግን በአውሮፓውያን ዘንድ የሚዘወተሩት ናቸው፤ በአፍሪካ የሚገኙ በርካታ ዓይነቶች በቂ ልኬት የላቸውም። ፕሮግራሙ ላልተለካው ዓይነት የሚመልሰው ከሌሎች ተመሳሳይ ዓይነቶች በመነሣት ነው፤ ስሕተቱም በዚያው ልክ ሊጨምር ይችላል። እንግዲህ የራሳችንን ሕዝቦች ዓይነቶች መለየትና መለካት ለባዮሎጂ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለፊዚክስና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የሚጠብቅ ሥራ ነው።

መልመጃ፦ የዚሁ ቫይረስ ኑክሊዮካፕሲድ ፕሮቲን 419 አሚኖ አሲዶች አሉት። ባለ 9 ቁራጮቹ ስንት ናቸው? (መልስ፦ 411)