ደቀ መዝሙር ማፍራት የማን ሥራ ነው?



ደቀ መዛሙርት ስለ ማፍራት ሲነገር ብዙዎቻችን ዓይናችንን ወደ ካህኑና ወደ ካቴኪስቱ እናነሣለን። «እነርሱ ተምረዋል፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» የሚለው ቃል በየቁምስናው የተለመደ ነው። ትሕትና ቢመስልም ብዙ ጊዜ የራስን ኃላፊነት በሌላ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 እንደሚተርከው በኢየሩሳሌም ስደት በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት በከተማይቱ ቀሩ፤ የተበተኑት ምእመናን ግን በየደረሱበት ወንጌልን አወሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እስከ አንጾኪያ ዘልቀው ለግሪኮች ሰበኩ (11፥19-21)። የእነዚህን ሰዎች ስም ማንም አልጻፈልንም። ነገር ግን የጌታ ተከታዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉት በዚያች በአንጾኪያ ነው።

በአገራችንስ? የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ዘገበው ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በልጅነታቸው ተማርከው በአክሱም ቤተ መንግሥት አገለገሉ። ፍሬምናጦስ ገና ማዕረገ ክህነት ሳይቀበል ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ አሰባሰበ፤ የጸሎት ስፍራም እንዲኖራቸው አደረገ። ወደ እስክንድርያ ወርዶ ቅዱስ አትናቴዎስን ጳጳስ እንዲልክ የለመነው ከዚያ በኋላ ነው፤ አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። እንግዲህ በአክሱም ጳጳስ ከመሾሙ በፊት የተሰበሰበ ምእመን ነበረ፤ የሰበሰበውም ምእመን ነው።

ወደ ወለጋም ስንመጣ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1852 ጉድሩ መግባታቸውን እናስታውሳለን፤ የአገሩን ልጆች አስተምረው ለአገልግሎት ያዘጋጁ ነበር። ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭም ቢሆን፣ ከባርነት ነጻ የወጣችው መምህርት አስቴር ጋኖ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ስለ ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የደከመችው ድካም ሊዘነጋ አይገባም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ፤ እርስዋም ኋላ በነቀምቴ አስተማረች። ቅስና አልነበራትም። የነበራት ቋንቋዋ፣ እምነትዋና ትዕግሥትዋ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ ይህ ተልእኮ ከጥምቀትና ከሜሮን የሚመነጭ መሆኑን አስተምሯል። ስለዚህ ምእመን ካህኑ ሲፈቅድለት ብቻ የሚሠራው የውሰት ሥራ አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስም እ.ኤ.አ. በ2021 የካቴኪስትን አገልግሎት በይፋ ሲያቋቁሙ ሌሎቻችን እንድናርፍ አላሉም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አበልጅነት በእኛ ዘንድ ትልቅ ዝምድና ነው። የክርስትና አባት ወይም እናት ልብስ ይገዛል፣ በድግሱ ላይ ይከበራል፣ ስሙም በመዝገብ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላስ? የቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና (ቁጥር 872) ተጠማቂው ለጥምቀቱ የሚገባ ሕይወት እንዲኖር መርዳትን የክርስትና አባትና እናት ግዴታ አድርጎ ያስቀምጣል። ቢያንስ 16 ዓመት የሞላው፣ ሜሮን የተቀበለና በእምነት የሚኖር እንዲሆን የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው። እኛ ግን ሀብታም ዘመድ እንመርጣለን! ንኡስ ክርስቲያኑ ተጠምቆ፣ ነጭ ልብሱን አውልቆ በሦስተኛው ወር ከቅዳሴ ሲቀር የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ካቴኪስቱ አንድ ነው፤ የሚያገለግላቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። ካህኑም በአንዳንድ ጸሎት ቤት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያንንም ማድረግ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ጎረቤት ግን ሁልጊዜ አለ።

የጎረቤት ሥራ ስብከት አይደለም። ቡና ሲፈላ አዲሱን ክርስቲያን ጠርቶ ማጫወት፣ እሑድ ጠዋት በደጁ በኩል አልፎ «አብረን እንሂድ» ማለት፣ የታመመበትን መጠየቅ፣ ከጉቴ ገበያ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ያልገባውን ነገር መስማት ነው። ለልጅ አባታችን ሆይን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ከሆነም በአፋን ኦሮሞ ማስጠናት ነው። ጥያቄው ከአቅም በላይ ሲሆን «አላውቅም፤ ካቴኪስቱን አብረን እንጠይቅ» ማለት አያሳፍርም። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ ሆኖም የመጻሕፍት ሊቅ የነበረውን አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው አስረዱት (ሐዋ. 18፥26)። ሳምራዊቱም ሴት እንስራዋን ትታ የሮጠችው ትምህርቷን ሳትጨርስ ነበር።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያን፣ የመካነ ኢየሱስ ምእመናንና ሙስሊሞች ናቸው፤ በእድርም በሐዘንም አብረን ነን። ሰውን በእርዳታ እህል ማባበል ወይም የሌላውን እምነት ማንቋሸሽ ደቀ መዝሙር አያፈራም፤ ቂም ብቻ ያተርፋል። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝዝ በገርነትና በአክብሮት እንዲሆን ጨምሮ ነው (1ጴጥ. 3፥15)።

ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ሆይ፣ ሸክሙን ሁሉ ብቻችሁን አትያዙ። ለእያንዳንዱ ንኡስ ክርስቲያን በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ጸሎተኛ ቤተሰብ ከትምህርቱ መጀመሪያ አንሥቶ ይመደብ፤ የክርስትና አባትና እናትም በጥምቀቱ ዋዜማ ሳይሆን ያን ጊዜ ይመረጡ። ባለፈው ፋሲካ የተጠመቁትን ስም ከመዝገብ አውጥታችሁ ለአበልጆቻቸው አንብቡላቸው፤ እያንዳንዱም ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ እንደ ሆነ ይናገር። ያላየ ካለ፣ ከሚመጣው እሑድ በፊት ቤቱ ድረስ ይሂድ።