የአቤቱታ አጻጻፍ

ሀ. መግቢያ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የዚህን ምሳሌያዊ አነጋገር ፍሬ ነገር ነው፤ ይኸውም መብቱ የተነካበት ሰው ቃሉን በጽሑፍ ለዳኛ ሲያቀርብ፣ ነገሩን ከሥሩ እንዴት እንደሚጀምርና በምን እንደሚጨርስ ነው።

በአዲስ አበባ፣ በቦሌና በሃያ ሁለት ማዞሪያ መካከል፣ በሆቴል ስም የሚጠራ አትላስ የተባለ ሠፈር አለ። በሥራ ቀን ማለዳ በዚያ ብታልፉ፣ ወደየመሥሪያ ቤታቸው ለመሄድ መጓጓዣ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች ታያላችሁ። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ የመንገድ ወጪ ቀላል አይደለም። ስለዚህም በ2006 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች በአውቶቡስ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ለሚላክ ሠራተኛ ደግሞ የመጓጓዣ ወጪና የውሎ አበል ይታሰብለታል። ይህን የመሰለ ጥቅም ያለ አግባብ ቢቀነስበት ሠራተኛው ምን ማድረግ ይገባዋል? ማኩረፍና ማጉረምረም መፍትሔ አያመጣም። ሕጋዊው መንገድ አቤቱታ ነው።

ለ. መብቱና መንገዱ

ጥንት ሰው በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመው ነበር። ዛሬ የዚያን ቃል ሥራ የሚሠራው የጽሑፍ አቤቱታ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37፣ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ በኋላም እርሱን የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 መንገዱን በዝርዝር አሳይተው ነበር። ደመወዙ ወይም ሌላ ክፍያው ያለ አግባብ የተያዘበት ወይም የተቆረጠበት ሠራተኛ በመጀመሪያ ቅሬታውን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሰማል፤ ካልረካም ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቷል። ስለዚህ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው፣ ነገሩ በተፈጸመበት ጊዜ የሚጸናው ሕግ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ሐ. የግሡ ሥራ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ደመወዝ ተቆረጠለት።
2. ደመወዝ ተቆረጠበት።

በሁለቱም ውስጥ ያለው ግሥ አንድ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሰውየው የሚከፈለው ደመወዝ ተወሰነለት፤ በሁለተኛው ግን ከደመወዙ ላይ ተቀነሰበት። ልዩነቱን ያመጡት «ለ» እና «በ» ናቸው። «ለ» ጥቅምን፣ «በ» ጉዳትን ያመለክታል። አንዲት ፊደል ተጠቃሚውን ተጎጂ ልታደርገው እንደምትችል ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ እነዚህን ተመልከቱ።

3. አበሌ ተቆረጠብኝ።
4. የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል ኅዳር 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ የአራት ቀን አበሌን ቆረጠብኝ።

በተራ ቁጥር 3 ያለው ግሥ ተደራጊ ነው፤ ጉዳቱን ይናገራል፣ አድራጊውን ግን ይሰውራል። በተራ ቁጥር 4 ያለው ግሥ አድራጊ ስለ ሆነ፣ ማን፣ መቼ፣ በምን፣ ምን ያህል እንደ ቆረጠ እንድንገልጽ ያስገድደናል። ተደራጊ ግሥ በራሱ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ዳኛ ስሙ ያልተጠራን አድራጊ ለመልስ ሊጠራው አይችልም።

መ. ሁለት አቤቱታዎች

የሚከተሉት ለትምህርት ብቻ የታሰቡ ምሳሌዎች ናቸው።

የመጀመሪያው፦ «እኔ ለብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ልጆቼን የማሳድገው በመከራ ነው። ይህ ሁሉ እየታወቀ ተበድያለሁ፤ እንባዬ ይታበስልኝ።»

ሁለተኛው፦ «መሥሪያ ቤቴ ከጥቅምት 3 እስከ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአሥር ቀን ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ላከኝ። የሒሳብ ክፍሉ ግን ኅዳር 6 ቀን በጻፈው ደብዳቤ የስድስት ቀን አበል ብቻ ከፈለኝ። ቅሬታዬን ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ባቀርብም ኅዳር 20 ቀን ውድቅ ሆነብኝ። የጉዞ ትእዛዙንና ሁለቱን ደብዳቤዎች አያይዣለሁ። ስለዚህ የቀረው የአራት ቀን አበል እንዲከፈለኝ እንዲወሰንልኝ አመለክታለሁ።»

የመጀመሪያው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ምን እንደ ተፈጸመ አይነግረንም፤ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግም አይገልጽም። በሁለተኛው ውስጥ አድራጊው፣ ድርጊቱ፣ ቀኑ፣ ማስረጃውና የሚጠየቀው ዳኝነት በየተራቸው ቀርበዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 80፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጽሑፍ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮችን በአጭሩ እንዲይዝ ያዝዛል።

ሠ. የማያሸንፍ አቤቱታስ?

በሚገባ የተጻፈ አቤቱታ ሁሉ ያሸንፋል ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሕጉን ጥሶ አበል ቢቆርጥ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ራሱ ተለውጦ ጥቅሙ ቢቀነስ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት የሠራተኞቹን ደንብ አሻሽሎ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓመት የጉዞ ወጪና የመንገድ ቀን የሚሰጥበትን መስፈርት አጠበበ። መነሻ ሀገራቸው ከኅብረቱ ውጭ የሆነ አንዳንድ ሠራተኞች የእኩልነት መርሕ ተጥሷል ብለው ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረቱ፤ ይግባኛቸውንም የኅብረቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ውድቅ አደረገው። ቢሆንም ጥያቄያቸው ተመርምሮ ምክንያቱ የተገለጸ ፍርድ አግኝተዋል። ለማይጻፍ ቅሬታ ግን ማንም መልስ አይሰጥም።

ረ. መልመጃ

1. «ፈረደ» የሚለውን ግሥ አንድ ጊዜ ከ«ለ»፣ አንድ ጊዜ ከ«በ» ጋር በማጣመር ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ፤ የትርጉማቸውንም ልዩነት አስረዱ።
2. የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አድራጊውን፣ ቀኑንና መጠኑን ከራሳችሁ ጨምራችሁ በአድራጊ ግሥ ጻፉት። «የመጓጓዣ ገንዘቤ ተከለከለብኝ።»
3. በክፍል መ የቀረበውን የመጀመሪያ አቤቱታ አንብባችሁ፣ ዳኛው አቅራቢውን ሊጠይቀው የሚገባውን አምስት ጥያቄ ዘርዝሩ።
4. ለትምህርት ቤታችሁ አስተዳደር የሚቀርብ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ አቤቱታ ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ለጓደኛችሁ ስጡት። ጓደኛችሁ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ እንዲሁም ምን እንዲወሰን እንደ ተጠየቀ ሊነግራችሁ ካልቻለ፣ አቤቱታውን እንደ ገና ጻፉት።