የነዳጅ ፓምፕ ጉድለትና የእርምት ጥሪ፤ ለአስመጪና ለመለዋወጫ ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

አውቶሞቢል ለሚገዛ ሰው ከፋብሪካው በኩል የሚሰጡት መተማመኛዎች ሦስት ዐይነት ናቸው። አንደኛው በሽያጩ ጊዜ የሚሰጠው ተራው ዋስትና ነው። ሁለተኛው፣ በተሸጠው መኪና ላይ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ ፋብሪካው መኪናውን መልሶ በመጥራት በራሱ ወጪ የሚያርምበት የእርምት ጥሪ፣ በነጋዴው አነጋገር «ሪኮል» የሚባለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፋብሪካው የደኅንነት ጉድለት መኖሩን ሳያምን፣ በፈቃዱ ወይም በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ ለተወሰነ ዘመንና ለተወሰነ ርቀት ጥገናውን ለመክፈል የሚገባው ቃል ነው። ሻጭና ገዢ ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ስለሚቈጥሩአቸው፣ መኪናው በመንገድ ላይ በቆመ ቀን ክርክር ይነሣል። ልዩነታቸውን ለመረዳት ከ2020 ጀምሮ በጃፓን አውቶሞቢሎች ላይ የታየው የነዳጅ ፓምፕ ጉዳይ መልካም ማስተማሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ዕቃው አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዛሬው የቤንዚን መኪና እንደ ቀድሞው ካርቡራቶር የለውም። ቤንዚኑን የሚያወጣው በታንኩ ውስጥ ተነክሮ የሚኖር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። በፓምፑ ሆድ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል፣ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በዳርቻው ጥርስ ያለው ስስ ክብ ዕቃ ይገኛል። ይህ ክብ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በፍጥነት እየተሽከረከረ ቤንዚኑን በፊልትሮና በቧንቧ ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ክፍተቱ ጠባብ መሆኑ የግድ ነው፤ ሰፊ ቢሆን ነዳጁ ወደ ኋላ ይመለስና የሚፈለገው ግፊት አይገኝም። ነገር ግን ክፍተቱ በጠበበ መጠን ክቡ ጥቂት እንኳ ቢያብጥ ከፓምፑ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ ፓምፑ ለመዞር የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል ይጨምራል፤ በመጨረሻም ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል። የአንድ የቅንጦት የመስክ መኪና ዋጋ በቆዳ ወንበሩና በስምንት ሲሊንደሩ ይገመታል እንጂ በመዳፍ ለምትያዝ ፕላስቲክ ማንም ዋጋ አይሰጣትም፤ መኪናውን የምታቆመው ግን እርስዋ ናት።

ፓምፑን የሠራው ዴንሶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ዴንሶ በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የቆመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም በካሪያ ከተማ የሚገኝ፣ ለብዙ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ዕቃ የሚያቀርብ ታላቅ ድርጅት ነው። ቶዮታ ለአሜሪካ መንግሥት ባቀረበው ማስታወቂያ እንደ ገለጸው፣ ከተሠሩት ኢምፔለሮች መካከል አንዳንዶቹ የፕላስቲካቸው እፍጋት ከሚገባው ያነሰ ነበር። በሥራ ጊዜ ለማድረቂያ ፈሳሽ ከሚገባው በላይ ተጋልጠው የቆዩትም ገጻቸው በረቂቅ ስንጥቅ ተሞላ። በስንጥቁ ውስጥ ቤንዚን እየሰረገ ሲገባ ፕላስቲኩ ያብጣል፤ ቅርጹም ይለወጣል። ጉድለቱ መኪናው በተሸጠ ዕለት የማይታየውም ስለዚህ ነው፤ እያደር የሚበስል ነገር ነው።

በጥር ወር 2020 ቶዮታ በአሜሪካ ወደ 700,000 የሚጠጉ የ2018 እና የ2019 ሞዴል መኪናዎችን ለእርምት ጠራ። በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ካምሪ ያሉ የቤት መኪናዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር ላንድ ክሩዘርና የቅንጦቶቹ የመስክ መኪናዎች ሌክሰስ ኤል ኤክስ 570፣ ጂ ኤክስ 460 እና አር ኤክስ 350 ተጠርተዋል። ሁሉም በቤንዚን የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት፣ ጥሪው እስከ 2013 ሞዴል ድረስ ወደ ኋላ ሰፋና በአሜሪካ ብቻ ወደ 1.8 ሚሊዮን መኪና ደረሰ። በጥቅምት ወር ደግሞ ሌሎች 1.5 ሚሊዮን ያህል ተጨመሩ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካው ድምር 3.34 ሚሊዮን፣ የዓለሙ ድምር 5.84 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ የቁጥር ዕድገት ነጋዴ ሊይዘው የሚገባው አንድ ነገር አለ። በጥር ወር የሻንሲ ቁጥሩን አስመርምሮ «መኪናዎ በጥሪው ውስጥ የለም» የተባለ ሰው፣ በመጋቢት ወይም በጥቅምት ሊጠራ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ የተደረገ ምርመራ ለዚያ ቀን ብቻ ይሠራል፤ መኪና የሚሸጥ ሰው ከስድስት ወር በፊት ያወጣውን የምርመራ ወረቀት ለገዢ ቢያሳይ ምንም እንዳላሳየ ይቈጠራል።

ክርክሩ የተነሣውም ከዚሁ ነው። ጥሪው በሞዴል ስም ሳይሆን በተመረተበት ቀንና በፓምፑ ዐይነት የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ጎን ለጎን ከሚቆሙ ሁለት ጂ ኤክስ 460 መካከል አንዱ ሲጠራ ሌላው ሊቀር ይችላል። የቀረው መኪና ባለቤት ሞተሩ ሲንዘፈዘፍ ወይም አልነሣም ሲል ወደ ወኪሉ ይሄዳል፤ ወኪሉም ቁጥሩን አይቶ «ጥሪው እርስዎን አይመለከትም፤ የዋስትናው ዘመንም አልፎአል» ይለዋል። በየካቲት 2020 በኒው ዮርክ ብሩክሊን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በቶዮታና በዴንሶ ላይ የወል ክስ ቀረበ። የከሳሾቹም ዋና አቤቱታ ጥሪው ያለ አግባብ ጠቧል፣ ተመሳሳይ ፓምፕ ያለባቸው መኪናዎች ተትተዋል የሚል ነበር። ነገሩ በስምምነት አልቆ በ2022 በፍርድ ቤቱ ጸደቀ። ተከሳሾቹ ጥፋት አላመኑም፤ ነገር ግን በጥሪው ላልተካተቱ ተጨማሪ መኪናዎች ጥገናው ከመጀመሪያው አገልግሎት አንሥቶ ለ15 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል፣ ማለት ለ241,000 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲሸፈን ተደረገ።

በዚህ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው መተማመኛ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ልዩነታቸውም ገንዘብ ነው። በእርምት ጥሪ የተያዘ መኪና የኪሎ ሜትር ወሰን የለበትም፤ መብቱም ከባለቤቱ ጋር ሳይሆን ከመኪናው ጋር ይሄዳል፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤት ቢይዘውም ያው ነው። የአሜሪካ ሕግ የሚያኖረው የዘመን ወሰን፣ ማስታወቂያው በተሰጠበት ቀን መኪናው ለመጀመሪያው ገዢ ከተሸጠ ከ15 ዓመት በላይ የሆነው እንደ ሆነ ፋብሪካው በነፃ የማረም ግዴታ የለበትም የሚለው ነው። ወሰኑ በ2015 ሕጉ ሲሻሻል ከ10 ዓመት ወደ 15 ዓመት ከፍ ያለ ነው። ከጥሪው አስቀድሞ በገዛ ገንዘቡ ፓምፑን ያስለወጠ ሰውም ደረሰኙን አቅርቦ ወጪው የሚመለስለት መንገድ በሕጉ ተሰናድቶለታል። በስምምነት የተገኘው ሽፋን ግን ዘመኑ ወይም ማይሉ ሲሞላ ያልቃል። ደግሞም የእርምት ጥሪ ስላልሆነ፣ የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሚይዘው የጥሪ መዝገብ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ መዝገቡን አይቶ «ምንም የለበትም» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ እውነት ተናግሮ ሳለ ገዢውን ሊያሳስት ይችላል።

ነገሩ በሌክሰስ አላቆመም። ሆንዳም በዚሁ የኢምፔለር ጉድለት ምክንያት በታኅሣሥ 2023 በአሜሪካ ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን ጠርቷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በጃፓን ቶቶሪ አውራጃ ሞተሩ ጠፍቶ በፈጣን መንገድ ላይ የቆመ አንድ የሆንዳ መኪና ከኋላ ተገጭቶ ሰው ሞቷል። የፓምፕ ጉድለት የጋራዥ ወጪ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ መልስ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ገበያ እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊት ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአሜሪካ የገቡት ግን ከእጅ ወደ እጅ መሸጣቸውን አላቋረጡም፤ መለዋወጫም ይፈልጋሉ። የእነዚህ መኪናዎች ችግር የትውልድ አገራቸው መዝገብ ነው። የአሜሪካው መዝገብ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩትን ብቻ ያሳያል። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራ ላንድ ክሩዘር ቁጥሩ በዚያ ቢፈለግ መልስ አይገኝለትም፤ መልስ መታጣቱ ግን ከጉድለት ነፃ መሆኑን አያስረዳም። እንዲህ ላለው መኪና የተሸጠበትን አገር መዝገብ መጠየቅ ይገባል፤ ለምሳሌ በሳዑዲ ዓረብያ የንግድ ሚኒስቴሩ የጥሪዎችን መዝገብ ይይዛል። ቁልፉ በሁሉም ስፍራ አንድ ነው፤ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው በመኪናው አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ፤ አንድ አኃዝ ቢሳሳት የሌላ መኪና ታሪክ ይወጣል።

የአሜሪካ ሕግ በአሜሪካ ለተሸጠ መኪና እንጂ በሌላ አገር ባለ ወኪል ላይ ግዴታ አይጥልም። ስለዚህ ያልታረመ መኪና ባሕር ተሻግሮ ከገባ በኋላ በነፃ እንዲታረም መጠየቅ በመብት የሚገኝ ሳይሆን በወኪሉ ፈቃድ የሚገኝ ነገር ይሆናል። በአሜሪካ ሳለ በአንድ ቀን በነፃ ይሠራ የነበረው ጥገና እዚህ የባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ዕዳውን የሚሸከመው ማን ነው በሚለው ላይ ደግሞ የሻጭ ኀላፊነት ይመጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው። ገዢውም በበኩሉ ጊዜ ሳያሳልፍ ዕቃውን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። «ጉድለቱ የጃፓን ነው፤ እኔ ምን አደረግሁ» የሚለው የሻጭ መልስ ለጆሮ ደስ ይላል እንጂ ሩቅ አያስኬድም። በውሉ ላይ «ለጉድለት ዋስ አይደለሁም» ብሎ ያጻፈ እንኳ፣ ያወቀውን ጉድለት በማታለል ደብቆ ከተገኘ ያ ቃል አያድነውም። የሻንሲ ቁጥር መርምሮ ማወቅ ማንም በጥቂት ደቂቃ የሚያደርገው በሆነበት ዘመን፣ መኪና መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው አላወቅሁም ማለቱ ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በጋራዥ በኩል የሚነሣው ጭቅጭቅ ሌላ መልክ አለው። ሞተር በመንገድ ላይ ሲጠፋ መካኒክ ቀድሞ የሚጠረጥረው ቆሻሻ ቤንዚንን ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ሻጭም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ጥፋቱ ወደ ማደያው ይሄድለታልና። ሁለቱን መለየት ግን ይቻላል። ቆሻሻ ነዳጅ በፊልትሮውና በታንኩ ወለል ላይ ምልክቱን ይተዋል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፓምፑ ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ የሚስብ፣ ሲፈታም ክቡ ከግድግዳው ጋር የተፋተገበት ጭረት የሚታይ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የኢምፔለር ማበጥ ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለ። ምልክቶቹም አስቀድመው ይመጣሉ፤ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል፣ በዝግታ ሲሄድ ይጠፋል። በፈጣን ጉዞ ላይ የሚጠፋው አልፎ አልፎ ነው፤ የሚያስፈራው ግን ያ ነው።

የመለዋወጫ ነጋዴም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ጉድለት ያለባቸው ፓምፖች በተመረቱባቸው ዓመታት የተሠራ፣ ከዚያ ወዲህ በመጋዘን የቆየ ፓምፕ፣ ሣጥኑ አዲስ ስለ ሆነ ብቻ አዲስ አይባልም። ዕቃ ሲታዘዝ የዕቃው ቁጥር የታረመው ዐይነት መሆኑን፣ የተመረተበትንም ቀን አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ቢጠየቅ ከኋላ ክርክር ያድናል። ከሌላ መኪና ተፈትቶ በርካሽ የሚቀርብ አሮጌ ፓምፕ ደግሞ በዚህ ዕቃ ረገድ ርካሽነቱ አያዋጣም፤ ቤንዚን ሲጠጣ የኖረ ፕላስቲክ ከላይ ታይቶ አይታወቅም።

ፓምፕ የሚለውጥ ጋራዥ በደረሰኙ ላይ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፣ በዕለቱ የተነበበውን ኪሎ ሜትር፣ የወጣውንና የገባውን ፓምፕ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ «ፓምፕ ተለወጠ» ብቻ የሚል ደረሰኝ በየትኛውም ወኪል ዘንድ ተቀባይነት አያገኝም። የወጣው ፓምፕም ቤንዚኑ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ታሽጎና ቀኑ ተጽፎበት ለባለቤቱ ይሰጥ። በብዙ ጋራዥ የሚደረገው ግን ከብረት ቍርጥራጭ ጋር መጣል ነው፤ ክርክሩ ሲመጣ የሚፈለገው አንድ ማስረጃ በዚያው ይጠፋል።