መርፌና ክር ሲመሰክሩ

ልብስ ገላን ከመሸፈን አልፎ እንደሚናገር ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ነጠላውን ያደገደገ ሰው አክብሮቱን፣ ጥለቱን ወደ ፊቱ አዙሮ የለበሰ ደግሞ ሐዘኑን ያለ ቃል ይገልጻል። ጣቢታ ባረፈች ጊዜም መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እርስዋ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። የእጅዋ ሥራ ምስክር ሆነላት።

ይህን ምስክርነት በዘመናችን በጉልህ ያሳዩት የቺሊ ሴቶች ናቸው። በእኛ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973)፣ ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ የመሩት ወታደራዊ ቡድን ሥልጣንን በኃይል ያዘ። እስከ 1982 ዓ.ም. በዘለቀው አገዛዝ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የተነጠቁ ሴቶች በጆንያ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፉ፣ እስሩንና ረኀቡን በሥዕል አሳዩ፤ «የት አሉ?» ብለውም ጠየቁ። አንዳንዶቹ የጠፋውን ሰው ልብስ ራሱን ቆርጠው ይሰፉ ነበር። ሥራው ከጆንያው ስም «አርፒሌራ» ተባለ። በ1968 ዓ.ም. የሳንቲያጎው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ ያቋቋሙት የአጋርነት ቢሮ ሥራቸውን እየገዛ ወደ ውጭ አገር ላከላቸው። ጋዜጣ የደበቀውን ጨርቅ ተናገረ።

የእነዚህ ሴቶች ሐዘን ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ ብዙ እናቶቻችን እንዳያለቅሱ እንኳ ተከልክለው ነበር።

መጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ ስለ ድምፅ አልባው አፋችንን እንድንከፍት ያዘናል (ቁ. 8)፤ በዚያው ምዕራፍ የምትፈትለውን ሴት እጆች ያመሰግናል (ቁ. 19)። እውነትን የሚናገር አፍና የሚሠራ እጅ አይለያዩም። ሠራተኛውን የሚንቅ ግን ሥራው የሚናገረውን ሊሰማ አይችልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አውጀው ነበር። ሆኖም በካፋ ምድራችን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ዝቅ ተደርገው ሲታዩ፣ የማንጆ ወገኖቻችን ደግሞ ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡና እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። ይህ ንቀት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ድንኳን ሰፊ ነበር (ሐዋ. 18፥3)።

ስለዚህ በየቁምስናችን እንዲህ ብለን እንወያይ፦ የመሠዊያችንን ልብስ የሸመኑት እጆች የማን ናቸው? በቅዱስ ቁርባን አንድ ማዕድ የምንካፈል እኛ፣ በቤታችንስ ከማን ጋር መብላት እንጸየፋለን? በመካከላችን ሐዘኑን የሚሰማለት ያጣ ማን ነው?

የሰውን ልጅ በመልኩ የፈጠረ እግዚአብሔር የምንሰማበትን ጆሮ፣ የምንመሰክርበትንም እጅ ይስጠን። አሜን።