ክሊኒክ ውስጥ የተመሳሰለው ጥርስ ደጅ ሲወጣ ለምን ይለያል?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ያደግኩት አዳማ ስለሆነ ጥርሴ ላይ የውኃው ቡናማ ነጠብጣብ አለ። አንድ የፊት ጥርሴ ተሰብሮ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ተሠራልኝ። ክሊኒኩ ውስጥ በመስታወት ሳየው ከሌሎቹ አይለይም ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነጭ ብሎ ለብቻው ይታያል፤ ፎቶ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐኪሙ «ዓይንሽ ይለምደዋል» ይለኛል። ላስቀይረው ወይስ ሌሎቹን ላስነጣ?

መልስ፦ የእርስዎ ዓይን ይለምደው ይሆናል፤ የሚያይዎት ሰው ግን አይለምደውም። ነጣ ብሎ መታየቱ አንድ ነገር ያስጠረጥረኛል፦ ቀለሙ የተመረጠው ጥርስዎ ከደረቀ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ፣ በጥጥ ተከቦና አየር እየተነፋበት ሲቆይ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ውኃ ያጣል፤ የደረቀ ኢናሜል ደግሞ ብርሃንን ይበልጥ ስለሚበትን ነጥቶ ይታያል። ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ክራውኑ በተለጠፈ ዕለትም ጎረቤቶቹ ደርቀው ስለነበር ነው መስታወቱ ላይ የተመሳሰሉት። ምራቅ ሲያገኙ እነሱ ወደ ቀለማቸው ተመለሱ፤ የክራውኑ ሴራሚክ ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ ቀለም መመረጥ ያለበት ገና ማደንዘዣ ሳይወጋ፣ ታካሚው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

መብራቱም ተጠያቂ ነው። ሁለት የተለያዩ ቁሶች በአንዱ መብራት ተመሳስለው በሌላው ይለያያሉ። የወንበሩ መብራት ለሥራ እንጂ ለቀለም አይሆንም፤ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ሊፕስቲክ ተጠርጎ ማየት ይሻላል።

ከጥርስዎ ጎን የሚያስጠጓቸው ናሙናዎች ሼድ ጋይድ ይባላሉ። በጣም የተለመደው የጀርመኑ ቪታ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከኤ1 እስከ ዲ4 ያሉ 16 ናሙናዎች ያሉት ነው። ፊደሉ የቀለሙን ዓይነት ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀለሙ ይበረታል። እኔ ግን ከፊደሉ በፊት የምመለከተው ንጣትና ጥቁረቱን ነው፤ ሰው ቶሎ የሚያስተውለው እሱን ነውና። ማፍጠጥም አይበጅም፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዓይን ይደክማል። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መለኪያ አይደክምም፤ ሆኖም በጥርስ ጉብታና ብርሃን አሳላፊነት ሊሳሳት ስለሚችል ጥሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም።

በእርስዎ ጉዳይ «ኤ3» ብሎ ለላብራቶሪ መላክ ብቻውን አይበቃም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ በልጅነት የጠጣው ሰው ጥርስ አንድ ወጥ ቀለም የለውም። ናሙናው ከጥርሱ ጎን ሆኖ ፎቶ ይነሣ፤ ነጠብጣቡ የት የት እንዳለም ለቴክኒሺያኑ ይሣልለት።

ማስነጣት ክራውኑን አይለውጠውም፤ የፍሎራይድ ነጠብጣብንም ሁልጊዜ አያጠፋም። ከፈለጉት ግን ይቅደም፤ ከዚያ ቀለሙ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀው አዲሱን ያስለኩ። ልዩነቱ ሰው አጠገብ ቆመው ሲያወሩ የሚታይ ከሆነ ቢቀየር እመርጣለሁ። በቋሚ ማጣበቂያ የተለጠፈ ክራውን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አዲሱን መጀመሪያ በጊዜያዊ ማጣበቂያ አስለጥፈው ጥቂት ቀን ደጅ ይዩት።